የቀዳዳው ጉዳይ

ክብ ኪሮሽ የሚጀመረው ከመሃል ነው። እስከዚህ ድረስ እናቴና ልጄ ይስማማሉ። ከዚህ በኋላ ላለው ግን ሽማግሌ ቢገባበትም የሚፈታ አይመስለኝም።

እናቴ ሰንሰለት ትሠራለች፣ ጫፍና ጫፉን ታገናኛለች፣ በተፈጠረው ቀለበት ውስጥ እየገባች እየወጣች የመጀመሪያውን ዙር ትዞራለች። ልጄ ደግሞ ክሩን ጣቷ ላይ ትጠመጥምና ጥምጥሙ ላይ ትሠራለች፤ ስታበቃ ጭራውን ሳብ ስታደርገው መሃሉ ጥርቅም ይላል። የእናቴ መሃል ቀዳዳ አለው፣ የልጄ የለውም። ጠቡ ይኸው ነው። ለውጭ ሰው ይህ ምንም ነው። እኛ ቤት ግን ሽንብራ በማታሳልፍ ቀዳዳ ሰበብ ቶናው ሳይቀዳ የቀረበት ቀን አለ። "እኔ አንቺ ሳትወለጂ..." ተብሏል። "እማማ፣ ዘመኑ እኮ ተቀይሯል" ተብሏል። እኔም ከሁለቱም ወገን "አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?" ተብያለሁ።

የማንም አይደለሁም። ኪሮሽ በቤታችን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲሻገር እኔን ዘሎኝ ነው ያለፈው። በሁለቱ ባለሙያዎች መካከል ያለሁት ቀዳዳ እኔ ነኝ።

እናቴ ኪሮሽ የያዘችው ልጃገረድ ሳለች ነው። በዚያን ጊዜ የሴት ልጅ ሙያ ከሚመዘንባቸው ነገሮች አንዱ ዳንቴል ነበር፤ ዶሮ ወጧ በምላስ ይፈተናል፣ ዳንቴሏ በዓይን። ያደግኩበትን ቤት የሚያስታውስ ሰው ይመስክርልኝ፤ ራቁቱን የቆመ ዕቃ አልነበረም። ሶፋው በጀርባውም በክንዱም ለብሷል። ቡፌው ለብሷል፤ ቡፌው ውስጥ ለተሰደሩት ብርጭቆዎች እንኳ ለየራሳቸው ትንንሽ ክብ ዳንቴል ተነጥፎላቸዋል። ራዲዮኑ ለብሷል። ስልኩ ለብሷል፤ ሲጮህ ገልጠን ነው የምናነሳው። ቴሌቪዥኑማ የክትና የአዘቦት ነበረው። እኛ ልጆቹ አዲስ ልብስ ያልተገዛልን ዓመት በዓል ሞልቷል፤ ቴሌቪዥኑ ሳይቀይር የዋለበት እንቁጣጣሽ ግን ትዝ አይለኝም።

ለበዓል የሚሠራው ዳንቴል ዙሪያው የተጥመለመለ ዓይነት ነው። ጥምልምሉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስኳር ውሃ ይነከርና በጠርሙስ እየተደገፈ ይደርቃል። ሲደርቅ ድርቅ ነው፤ ጣት ይጋፋል። መሃሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ የያዘ ብልቃጥ ይቀመጣል። የስኳሩን ነገር ከእንግዶች ደብቀነው ነበር፤ ከጉንዳን ግን መደበቅ አልተቻለም። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከግድግዳው ሥር ተነስቶ በቡፌው እግር ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ የሚደርስ ቀጭን ጥቁር ሰልፍ አለ። እናቴ በጋዝ በተነከረ ጨርቅ የቡፌውን እግር እየጠረገች ሰልፉን ትበትነዋለች እንጂ ስኳሩን ልቀንስ ብላ አታውቅም።

ይህ ሁሉ ዳንቴል መቼ ተሠራ? ስብሰባ ላይ ነው። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ረጅም ነበር፤ እናቴም ባዶ እጅ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ አትችልም። ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሲነገር አንድ ዙር፣ ስለ ንቃት ሲነገር አንድ ዙር። እጅ ማውጣት ሲያስፈልግ ኪሮሹን ይዛ ታወጣለች። ዛሬ ስለዚያ ዘመን ስትጠየቅ የተባለውን ሁሉ ረስታዋለች፤ "የመሃል ጠረጴዛውን ልብስ የጨረስኩት ያኔ ነው" ትላለች። የጠረጴዛው ልብስ አሁንም አለን። ከስብሰባው ውስጥ በእጅ የሚጨበጥ ሆኖ የቀረ ብቸኛው ነገር እሱ ይመስለኛል።

የዳንቴልን ዘመን ያበቃው ብዙዎች እንደሚሉት ፋሽን አይደለም፤ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ሆድ ነበረው፣ ጀርባ ነበረው፣ ከሁሉም በላይ አናት ነበረው። የመጀመሪያው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ቤታችን ሲገባ እናቴ ከኋላው ዞራ አይታ "ሌላውስ?" አለች። ሌላው የለም ተባለች። አላመነችም። የክቱን ዳንቴል አምጥታ አናቱ ላይ አለበሰችው፤ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ወደቀ። ወደ ፊት ሳብ አድርጋ መለሰችው፤ የዜና አንባቢውን ግንባር እስከ ቅንድቡ ሸፈነው። ያን ቀን ማታ ዜናውን እንደዚያው ሰማን፤ ማንም ደፍሮ የሚያነሳው አልተገኘም።

ልጄ ኪሮሽን ያገኘችው ከአያቷ አይደለም፤ ከስልኳ ነው። አያቷ እዚያው ሶፋ ላይ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የሃምሳ ዓመት ሙያ ይዛ ተቀምጣ ሳለ፣ ሌላ አህጉር ያለች ፊቷ የማይታይ፣ ጥፍሯ ብቻ የሚታይ ሴት አስተማረቻት። እናቴን ያንገበገባት ይህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ቀዳዳው ሰበብ ነው።

መሣሪያቸውን ብታዩ የሚተዋወቁ ሙያዎች አይመስላችሁም። የእናቴ ኪሮሽ አንድ ነው። ብረት ነው፣ ቀጭን ነው፣ ጫፉ ላይ ያለችው መንጠቆ ያለ መነጽር አትታይም። አውራ ጣቷ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የቁስል ፕላስተር ጠቅልላበታለች፤ ፕላስተሩ ሲያረጅ ይቀየራል፣ ብረቱ ያው ነው። ክሯ ነጭና ቀጭን የዲ ኤም ሲ ክር ነው። ዲ ኤም ሲ እ.ኤ.አ. በ1746 ዛሬ በፈረንሳይ ባለችው ሙሉዝ ከተማ የተመሠረተ ድርጅት ነው፤ እናቴ ግን ስሙን የምትጠራው እንደ ጨዋ ዘመድ ነው፤ "ዲ ኤም ሲ አያሳፍርም" ትላለች።

የልጄ ኪሮሽ ቦርሳ ሙሉ ነው። በሚሊ ሜትር ቁጥር የተጻፈባቸው፣ እጀታቸው ባለ ቀለም ጎማ፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም የተሰለፉ። ዙሩ የት እንደጀመረ ምልክት የሚሆኑ የመርፌ ቁልፍ የመሰሉ ትንንሽ ፕላስቲኮች አሏት። ዙር የሚቆጥር ጣት ላይ የሚጠለቅ ነገር አላት፤ ሲጫኑት ቁጥሩ ይጨምራል። እናቴ ይህንን አንስታ ገለባብጣ አየችውና "አንቺ ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?" አለቻት።

አሁን ወደ ቀዳዳው ልግባ።

እናቴ ስትጀምር ክሩን በግራ እጇ ትንሿ ጣት ላይ አንዴ ትጠመዝዝና በጠቋሚ ጣቷ ላይ ታሳልፈዋለች። ክሩን የምታጠብቀውና የምታላላው ትንሿ ጣት ናት፤ ሥራው ሁሉ ያማረ የሚሆነው በእሷ ነው፣ ምስጋናው ግን ለጠቋሚዋ ነው። አንድ ቋጠሮ። ከዚያ ስቦ ማውጣት፣ ስቦ ማውጣት፤ ስድስት ሰንሰለት። ኪሮሹን የመጀመሪያዋ ሰንሰለት ውስጥ መልሳ ታስገባና ክሩን በሁለቱም ውስጥ ታወጣዋለች፤ ቀለበት ሆነ። ሦስት ሰንሰለት ወደ ላይ ትወጣለች፤ ይህቺ የዙሩ የመጀመሪያ ቋሚ ሆና ትቆጠራለች። ከዚህ በኋላ ኪሮሹ የሚገባው በሰንሰለቱ ዓይን ሳይሆን በቀለበቱ መሃል ነው፤ ቋሚዎቹ ቀለበቱን አቅፈው ጎን ለጎን ይደረደራሉ። የክሩን ጭራም ከቀለበቱ ጋር አብራ እየሸፈነች ትሄዳለች፤ ዙሩ ሲዘጋ ጭራ የሚባል ነገር የለም፣ ተበልቷል። መሃል ላይ የቀረችው ቀዳዳ ክብ ናት፣ ንጹሕ ናት፣ መቼም አትሰፋም አትጠብምም።

ልጄ ክሩን ሁለት ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ አንዱን በሌላው ላይ ታሳልፋለች፣ ኪሮሹን ከሥር አሹልካ ሁለተኛውን ክር ስባ ታወጣዋለች፣ አንድ ሰንሰለት ትሠራበትና ጣቷን ቀስ አድርጋ ታወጣለች። በዚህ ቅጽበት እጇ ላይ ያለው ነገር ሥራ ይሁን ክር ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም። ካስነጠሳት አለቀ። ስድስት ዓይን ከሠራችበት በኋላ ግን ጭራውን ስትስበው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያምራል። ስድስቱም ዓይኖች ግንባር ለግንባር ይገጥሙና መሃሉ ይጠፋል። በዓለም ላይ ያሉ ጀማሪዎች ማጂክ ሪንግ የሚሉት ይህንን ነው። ስሙ አልተጋነነም።

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ቀን፣ "ይሄ ምንድን ነው?" አለች። "ዶሮ ልታስሪበት ነው?"

"እማማ፣ ቀዳዳ አይኖረውም እኮ!"

"ቀዳዳውን ምን በደለሽ? ዳንቴል እኮ ቀዳዳ ነው። ክሩ ቀዳዳውን የሚይዝ ነው እንጂ ሥራው ቀዳዳው ነው። ቀዳዳ የሌለው ጥቅጥቅ ያለ ነገር ከፈለግሽ ብርድ ልብስ ግዢ።"

ይህንን ስሰማ እናቴ ልክ ናት አልኩ። ከዚያ ልጄ ተናገረች፤ እሷም ልክ ናት። ልጄ የምትሠራው ጃፓኖች አሚጉሩሚ የሚሉትን፣ በጥጥ የሚሞላ የኪሮሽ አሻንጉሊት ነው። ጭንቅላቱ የሚጀመረው ከአናቱ ነው፤ አናቱ ላይ ቀዳዳ ካለ ጥጡ በዚያ ይወጣል። ድብ ሠርታ ለጎረቤታችን ሕፃን ልደት ሰጠች፤ ሰፈሩ ተደነቀ። እናቴ ብቻ ዝም አለች። ድቡ በታጠበ ማግስት ሕፃኑ ይዞት መጣ። የቀለበቱ ጭራ በደንብ አልተሸጎጠም ነበርና ተንሸራቶ መሃሉ ተከፍቷል፤ ጥጡ ከአናቱ ብቅ ብሏል። እናቴ አሁንም ምንም አልተናገረችም። ድቡን ተቀብላ፣ ትንሽ ክብ ዳንቴል ቡፌው ላይ አንጥፋ፣ አናቱን ወደ እንግዳ መቀመጫው አዙራ አስቀመጠችው። እዚያው ሰነበተ።

ልጄ ተበቀለች። "እሺ፣ በአንቺ አጀማመር አንድ ሥሪልኝ" አለቻት። ተሠራ። ቆንጆ ድብ ነበር፤ አናቱ ላይ የተከበረ፣ ንጹሕ ቀዳዳ ያለው። ጥጡ እየተንጠባጠበ ሲወጣ እናቴ አየችው።

"ታዲያ ምን አለበት?" አለች። "ይተንፍስ።"

ነገሩ በዚህ ላይ ቆሞ ሳለ ነው የእናቴ ታናሽ እህት ከጎጃም የመጣችው። አክስቴ ኪሮሽ አትይዝም፤ እሷ የስፌት ሰው ናት። ሰፌድ፣ ሌማት፣ ሞሰብ ይዛ ነው ያደገችው፤ አለላውን ቀለም የምትነክረው ራሷ ናት። ቡና እየተጠጣ የሁለቱን ክርክር ከሰማች በኋላ ቦርሳዋን ከፍታ ከወስፌዋ ጋር የተጀመረ ሥራ አወጣች። መሃሉን አሳየችን። ስንደዶው ተጠቅልሎ በራሱ ላይ ተጣጥፏል፣ በውሃ ርሶ የለሰለሰው አክርማ እየዞረበት በወስፌ በተወጋው ቀዳዳ ገብቶ ጠብቋል። ቀዳዳ የለም። የሚሳብ ጭራም የለም።

"ቀዳዳ ያለው ሰፌድ ጤፍ ያፈሳል" አለች ወደ እናቴ እያየች። ወደ ልጄ ዞረችና፣ "ተስቦ የሚጠብቅ ነገር ደግሞ ተስቦ ይላላል" አለች። ቡናዋን አንስታ ፉት አለች።

እናቴና ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር የተስማሙት ያን ቀን ነው። ስፌት ሌላ ነው፣ ኪሮሽ ሌላ ነው አሉ፤ አንድ ላይ፣ እየተደጋገፉ። አክስቴ እስክትሄድ ድረስ ቤቱ ሰላም ሆኖ ሰነበተ።

ባለቤቴ መሃንዲስ ነው። እስከዚህ ድረስ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ይዞ ከነገሩ ሸሽቶ ነበር። የጎተተው ቁጥር ነው። ልጄ ከስልኳ ላይ ጮክ ብላ ስታነብ ሰማ፤ "የመጀመሪያው ዙር 6፣ ሁለተኛው 12፣ ሦስተኛው 18፣ አራተኛው 24..." ጋዜጣው ዝቅ አለ።

"እማማ፣" አላት እናቴን፣ "እርስዎም በየዙሩ ስድስት ነው የሚጨምሩት?"

"በአጭሩ አዎ። በረጅሙ ቋሚ ከሆነ አሥራ ሁለት ነው።"

"ለምን?"

"እናቴ እንደዚያ ስለምትጨምር።"

"አምስት ቢጨምሩስ?"

"ጠርዙ ይነሳና ኮፍያ ይሆናላ!"

"ስምንት ቢጨምሩስ?"

"ጎመን ይሆናል።"

ባለቤቴ ተነስቶ ወረቀት አመጣ። ይህን ያህል ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ሲደሰት ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው አለን። አንድ ዙር በሠራችሁ ቁጥር ክቡ በአንድ ዓይን ቁመት ወደ ውጭ ይሰፋል። ክብ ወደ ውጭ አንድ እጅ ሲሰፋ ዙሪያው የሚያድገው በሁለት ፓይ እጅ ነው፤ 6.28 ማለት ነው። አጭሩ የኪሮሽ ዓይን ቁመቱና ወርዱ እኩል ገደማ ነው፤ ስለዚህ በየዙሩ ስድስት ያህል አዲስ ዓይን ካልተጨመረ ዙሪያው ያጥራል፣ ሲያጥር ጠርዙ ይነሳል። ከበዛ ቦታ አጥቶ ይጥመለመላል። ረጅሙ ቋሚ ቁመቱ እጥፍ ስለሆነ ጭማሪውም እጥፍ፣ አሥራ ሁለት ነው። "እማማ፣ እርስዎ እኮ ይሄን ሁሉ ጊዜ በፓይ ነው ሲሠሩ የኖሩት!"

እናቴ ወረቀቱን አየችው። "ስድስት ነጥብ ሃያ ስምንት ነው ያልከኝ?"

"አዎ።"

"እኔ የምጨምረው ስድስት ነው።"

"እሱ ነው እንግዲህ፣ ነጥብ ሃያ ስምንቷ የት እንደምትገባ..."

"ነጥቧን እጅ ያሟላታል" ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። መሃንዲስ ግን አያበቃም። ስድስቱ ጭማሪ በየዙሩ አንዱ በሌላው አናት ላይ ቢያርፍ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። እናቴ ቀና ሳትል፣ "ማዕዘን ያወጣል። ስድስት ማዕዘን። ስለዚህ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ታሸሺዋለሽ" አለች። መልሱን ለልጄ ነበር የሰጠችው። ልጄ ደግሞ ከአሻንጉሊቶቿ አንዱን አንስታ አናቱን በጣቷ ዳሰሰች፤ ስድስት ማዕዘን ነበረው። ስልኩ ውስጥ ያለችው ባለ ጥፍር ሴትዮ ይህንን አልነገረቻትም። ከዚያች ቀን ወዲህ የሶፋው አቀማመጥ ትንሽ ተቀይሯል፤ ልጄ ከወዲያኛው ጫፍ ወደ መሃል ተጠግታለች።

የጎመኑንም ነገር ባለቤቴ አልተወውም። ላትቪያዊቷ የሂሳብ ምሁር ዳይና ታይሚና እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሆና ሆን ብላ ጎመን ሠርታለች። ነገሩ ሃይፐርቦሊክ ጂኦሜትሪ ይባላል። ይህንን ቅርጽ ተማሪ በእጁ ይዞ እንዲያየው ከወረቀት ቆርጦ ማጣበቅ ነበር የተለመደው፤ ወረቀቱ ደግሞ ይቀደዳል። እሷ ኪሮሽ አነሳች፣ በየዙሩ ከሚገባው በላይ ጨመረች፣ ተጥመለመለላት፤ አይቀደድም፣ ይታጠፋል፣ መስመር ይሰመርበታል። የጻፈችው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ማቲማቲካል አሶሲዬሽን ኦፍ አሜሪካ የሚሰጠውን የኦይለር የመጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። ይህንን ሁሉ ለእናቴ ተረጎምኩላት።

"በጎመኑ ነው የተሸለመችው?" አለች።

"በጎመኑ።"

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። በሕይወቷ ስንት ጎመን ተርትራ እንደጣለች እያሰበች ነበር መሰለኝ።

መተርተር የኪሮሽ ትልቁ ምሕረት ነው። ሥራው ሁሉ አንድ ክር ነው፤ የተያዘውም በአንዲት ዓይን ነው። ያቺን ዓይን ለቅቀሽ ክሩን ስትስቢው የሁለት ቀን ልፋት ጥርርር ብሎ ወደ ልቃቂቱ ይመለሳል፤ ክሩም አይጎዳም። እናቴ በዚህ ላይ ርኅራኄ የላትም። ሊያልቅ ሦስት ዙር የቀረው ሥራ ትቀበልሻለች፣ መነጽሯን ታደርጋለች፣ በጣቷ እየቆጠረች ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ሁለተኛው ዙር ላይ አንዲት ዓይን የተዘለለችበትን ታገኛለች። "ተርትሪው" ትላለች። ልጄ ታለቅሳለች። ትተረትረዋለች።

ስትቆጥር ደግሞ አትናገርም። ይህንን የማያውቅ እንግዳ ይቀየማል። ገብቶ "ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበቱ" ሲል ቅንድቧን ብቻ ከፍ አድርጋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ እንግዳው ሰላምታ ይመስለዋል፣ እሷ ግን አርባ ሁለት እያለች ነው። አንድ ቀን የእድር ጥሩንባ ተነፋ፤ ሰፈሩ ሁሉ ማን ሞተ እያለ ሲወጣ እሷ ዙሩን ዘግታ፣ ኪሮሹን ልቃቂቱ ላይ ሰክታ ነው ነጠላዋን ያነሳችው። የሞተ አይቸኩልም፣ ያልተዘጋ ዙር ግን ይጠፋል ነው ፍልስፍናዋ።

ልጄ ዙር የሚባል ነገር አትዘጋም። አሚጉሩሚ የሚሠራው ሳይዘጋ፣ እየተጠማዘዘ፣ አንዱ ዙር ሌላው ላይ እየወጣ ነው፤ ስለዚህ ነው ያ ፕላስቲክ ምልክት የሚያስፈልጋት። ጥቅሙ የመገጣጠሚያ መስመር አለመኖሩ ነው። እናቴ ግን መጨረሻ የሌለው ዙር ያስጨንቃታል። "እና መቼ ነው ሰላም የምትይው?" ትላታለች።

ቤታችን በዚህ ሁኔታ ሳለ ነው ልጄ ኮፍያ መሥራት የጀመረችው። ያ ወጣቱ ሁሉ ዛሬ የሚያደርገው፣ ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ኮፍያ። የኮፍያ አሠራር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ አናቱ ጠፍጣፋ ክብ ነው፣ በየዙሩ ስድስት እየተጨመረ ይሰፋል። የራስ ስፋት ላይ ሲደርስ ጭማሪ ይቆማል፤ ጠርዙ ይነሳና ወደ ታች ይወርዳል። ጆሮ ጋ ሲደርስ እንደገና ጭማሪ ይጀመራል፤ ክፈፉ ወደ ውጭ ይዘረጋል፣ ትንሽም ይጥመለመላል። እናቴ ይህንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ ተመለከተች። በመጀመሪያ ዳንቴል፣ ቀጥሎ ኮፍያ፣ ቀጥሎ ጎመን።

"ሆን ብለሽ ነው?" አለች።

"ሆን ብዬ ነው።"

"እስቲ ወዲህ በይው።"

በማግስቱ ጠዋት ስንነሳ ጠረጴዛው ላይ አዲስ የኮፍያ አናት ተቀምጦ አገኘን። ወፍራሙን የልጄን ክር ንቃ በዲ ኤም ሲ ድርብ አድርጋ ሠርታዋለች። መሃሉ ላይ ቀዳዳዋ አለች፤ ከቀዳዳዋ ዙሪያ ድሮ ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረው ባለ ስምንት ቅጠል አበባ ተዘርግቷል። ልጄ "እማማ፣ አናት ይታያል እኮ!" ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ አደረገችው፣ መስታወት ፊት ቆመች፣ አፏን ዘጋች። ጎኑንና ክፈፉን ራሷ ቀጥላ ጨረሰችው። ዩኒቨርሲቲ አድርጋው ሄደች፤ ማታ ስትመለስ ስልኳ ትእዛዝ ሞልቶት ነበር። ከራሷ ኮፍያ አንድም የጠየቀ የለም። ሁሉም የሚፈልጉት ያንን መሃሉ ቀዳዳ የሆነውን ነው።

ኪሮሽ የኑሮ መደጎሚያ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ውስጥ የድንች በሽታ ገብቶ ረሃብ በሆነ ጊዜ፣ መነኮሳት በየገዳሙ ለሴቶች የኪሮሽ ዳንቴል እያስተማሩ ያ ሥራ እየተሸጠ ስንት ቤተሰብ ቀለብ ገዝቶበታል። ልጄ ይህንን አንብባ መጣችና ከሁሉም በላይ የገረማት አጀማመራቸው ነው። ሰንሰለትም አይሠሩም፣ ክር ስበውም አይዘጉም፤ ክሩን እንጨት ላይ ደጋግመው ይጠመጥሙና ያንን ወፍራም ቀለበት በኪሮሽ ይሸፍኑታል፤ ከዚያ ቀለበት አበባው ይወጣል። "ሦስተኛ መንገድ አለ ማለት ነው!" አለች ለአያቷ። እናቴ የአየርላንድን ሴቶች ጉዳይ በአክብሮት አዳመጠችና፣ "እነሱም ግን ቀዳዳውን አልደፈኑትም አይደል?" አለች።

በየሱቁ በርካሽ የሚሸጠው የኪሮሽ ዕቃም ቢሆን የሰው እጅ ሥራ ነው። ሹራብ ማሽን ይሠራዋል፤ ክብ ኪሮሽን ከመሃል ጀምሮ እየዞረ ጨርሶ ገበያ የሚያጥለቀልቅ ፋብሪካ ግን የለም። ይህንን ለቤተሰቡ የገለጸው ባለቤቴ ነው፤ መልካም አስቦ ነበር። እናቴ ሰማች። ኪሮሹ ዙሩ መሃል ላይ ቆመ። የእድር ጥሩንባ ያላስቆመው ኪሮሽ ነው።

"በስንት ነው የምትሸጪው?" አለቻት ልጄን።

"ዘጠኝ መቶ።"

"ዘጠኝ መቶ ምን?"

"ብር ነዋ፣ እማማ።"

እናቴ መነጽሯን አወለቀች። "መሃሉን ማን ጀመረው?"

"አንቺ።"

"ዙሩንስ?"

"እኔ። ጎኑንም ክፈፉንም።"

"እንግዲያው ጅማሬው አምስት መቶ ነው። የቀረውን ውሰጂ።"

"እማማ! ጅማሬው እኮ አንድ ሰዓት አይፈጅብሽም!"

"እኔ ላይ አይፈጅም" አለች እናቴ መነጽሯን እየመለሰች። "ክሩን ደግሞ አንቺ ነሽ የምትገዢው። መርካቶ ስትሄጂ ደህና አድርገሽ እይ፤ ዲ ኤም ሲ ነው ብለው ሌላ እንዳይሰጡሽ።"